የድርሰት ክፍል ከተማሪው የሚፈልገው



በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር የጋበዙኝ ሰዎች ርእሱን ሲሰጡኝ፣ «ተማሪ በድርሰት ክፍል ይቀናው ዘንድ ምን ይጠበቅበታል? ምንስ ዓይነት ልማድ ሊይዝ ይገባዋል?» ብለው ነበርና፣ እኔም ከዚህ ጥያቄ ሳልርቅ ለመናገር አስቤአለሁ። ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከእኛ መካከል ብዙው ሰው ደራሲነት ከላይ የሚሰጥ ሀብት እንጂ በትምህርት የሚገኝ ሙያ አይደለም የሚለውን አሳብ ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ ስላኖረ፣ የድርሰት መምህርም የተማሪውን ልብ መርምሮ «አንተ ተሰጥቶሃል፤ አንቺ አልተሰጠሽም» እያለ የሚበይን ዳኛ ስለሚመስለው፣ ተማሪው ወደ ክፍሉ የሚገባው ሊሠራ ሳይሆን ሊፈረድለት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን አሳብ ከሥሩ መመርመር ነው። በመጀመሪያ ዕለት ዕለት ስለ መሥራት፣ ቀጥሎ ሥራን በሰው ፊት ስለ ማንበብና ስለ መታረም፣ ከዚያም የተጻፈውን መልሶ ስለ መጻፍ እናገራለሁ፤ በመካከሉም አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮችን ሳላነሣ አላልፍም።

ሀብት የለም አልልም። በወንጌል የተነገረውን የመክሊት ምሳሌ የምታውቁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ለአንዱ አምስት፣ ለሌላው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ መክሊት ተሰጥቶ ነበር፤ ጌታቸው ከመንገድ በተመለሰ ጊዜ ግን የተቈጣጠራቸው በተሰጣቸው ምን እንዳደረጉበት ነበር እንጂ ስንት ተሰጥቶህ ነበር ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም። የድርሰት ክፍልም የሀብትን መጠን የሚሰፍርበት መስፈሪያ የለውም፤ ሊሰፍር የሚችለው የሥራን መጠን ብቻ ነው። የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ ያን ልብ ወለድ በ1962 ዓ.ም. ካሳተመ በኋላ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለውን መጽሐፍ ለተማሪዎች ማዘጋጀቱን ሳስብ፣ ከሁላችን ይልቅ በራሱ ሀብት ሊታበይ ይችል የነበረ ሰው፣ ጥበቡ የሚማሩትና የሚያስተምሩት ነገር መሆኑን በሥራው እንደ መሰከረልን ይሰማኛል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነገር ልግባ። የፈጠራ ድርሰት ክፍል ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ሆኖም በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ፣ በወሎም በዋድላ ስማቸው የገነነው የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ወጣቱን ሰብስበው ቋንቋ ካስተማሩት በኋላ በየቀኑ ከራሱ አእምሮ አዲስ ድርሰት አፍልቆ እንዲያቀርብ ሲያስገድዱ የኖሩ የድርሰት ትምህርት ቤቶች ናቸው። በመካከላችሁ ሥርዓቱን የማያውቅ ሊኖር ስለሚችል ጥቂት ልግለጸው። ተማሪው አስቀድሞ የግእዝን ግስና አገባብ ያጠናል፤ ቅኔውንም ከሁለት ቤት ከማያልፈው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና፣ ሦስት ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ፣ ከዚያም አምስት ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ እያለ፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም ወዲያ በደረጃ ይወጣል። መምህሩ ቅኔ ዘርፎ ምሥጢሩን ይፈታለታል፤ ተማሪው ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ወይም ከሜዳ፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ቆጥሮም ሲጨርስ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ሰምቶ እዚያው ያርመዋል። በማግሥቱ የትናንቱ ቅኔ ቢያምርም ባያምርም አልፏል፤ ሌላ ይጠበቃል። አንድ ጊዜ የተነገረውን እንደ አዲስ አድርጎ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው።

ተማሪው ይህን ሁሉ የሚፈጽመው ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቦ ቁራሽ እየለመነ መሆኑን ታውቃላችሁ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ረኃብ ባለቅኔ ያደርጋል እያሉ ድህነትን የሚያወድሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ራት በልተው የተነሡ ናቸው፤ እኔ ከቅኔ ቤት እንድንወርስ የምመኘው ችግሩን አይደለም፤ ሥርዓቱን ነው።

ከሥርዓቱም ውስጥ ለዛሬው ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የትናንቱ ሥራ በዛሬው መሻሩ ነው። በየቀኑ አዲስ የሚያቀርብ ሰው፣ ዛሬ ያቀረበው ደካማ ቢሆን ነገ ሌላ ስለሚያቀርብ፣ በአንዲት ሥራ መውደቅ ከሰውነት ተራ መውጣት አይመስለውም፤ ዛሬ ያቀረበው ግሩም ቢሆንም ነገ በዚያ ሊኮራ ስለማይችል፣ ውዳሴም ብዙ ጊዜ አያሰንፈውም። የእኛን ዘመን ተማሪ ብንመለከት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፍቅረኛው በተለየችው ሌሊት በእንባ የጻፋትን አንዲት ግጥም በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ እርስዋን በመጀመሪያው ሳምንት ያነባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ስለ እርስዋ ይከራከራል፤ ዓመቱም እስኪያልቅ ድረስ የእርስዋ ጠበቃ ሆኖ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይሉታል፤ እኔ ግን ሰነፍ ነው አልልም። ያለው ሁሉ አንድ ብቻ ስለሆነ ያንን እንዳያጣ ይፈራል። መድኃኒቱም ተግሣጽ ሳይሆን ብዛት ነው፤ ዐሥር ግጥም ያለው ሰው ስለ አንዱ አይሟገትም።

ስለዚህ በድርሰት ክፍል የሚጠበቀው የመጀመሪያው ልማድ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ቦታ፣ ዕለት ዕለት መጻፍ ነው። ሰዓቱ ረጅም መሆን የለበትም፤ ቀን በሥራ የሚውለው የማታ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ቢያገኝም ይበቃዋል፤ ዋናው ነገር ስሜት እስኪመጣ አለመጠበቅ ነው። በቅኔ ቤት ያለው ተማሪ መምህሩ ተቀምጦ ስለሚጠብቀው ዛሬ ልቤ አልተነሣሣም ብሎ አይቀርም። በጋዜጣ ቤት የሠሩ ደራስያን ደግሞ ይህን ከሌላ በር ገብተው ተምረውታል። በዓሉ ግርማና ብርሃኑ ዘሪሁን ሁለቱም የጋዜጣ አዘጋጆች ነበሩ፤ ማተሚያ ቤቱ ሰዓቱ ሲደርስ ጽሑፉን ይፈልጋል እንጂ የጸሐፊውን የልብ ሁኔታ አይጠይቅም፤ ልብ ወለዶቻቸው ያላቸው የአነጋገር ቅልጥፍና ከዚያ ዕለታዊ ግዴታ ብዙ ተበድሯል ብዬ አምናለሁ። ሰዓት አክብሮ ማስረከብን የመሥሪያ ቤት ደንብ ብቻ አድርገው የሚያዩት ተማሪዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ከትንሽ መጀመርም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ነው። መወድስን ያለ ጉባኤ ቃና የሚጀምር የለም፤ ወደ ድርሰት ክፍል ከሚመጡት ወጣቶች ግን ብዙዎቹ በልባቸው የሦስት ትውልድ ታሪክ የሚተርክ ልብ ወለድ አስበው፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳይጨርሱ ስለ ሁለተኛው መጽሐፍ የሚያወሩ ናቸው። አንድ ሰው ወደ አንድ ክፍል ሲገባ፣ አንዲት ሴት ቡና ስታፈላ፣ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ርስት ሲጨቃጨቁ በአንድ ገጽ አሳምሮ ማሳየት ያልቻለ ሰው፣ በአራት መቶ ገጽ የሚያሳየን ያንኑ ችግር አራት መቶ ጊዜ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ፤ ይኸውም ሥራን በሰው ፊት ማንበብና መታረም ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሌላው ይልቅ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ከክፍላችን ሕይወት አስቸጋሪው ይህ ነው። ተማሪው ሥራውን ድምፁን አሰምቶ ያነባል፤ ባልንጀሮቹ ይሰሙታል፤ ሰምተውም አስተያየት ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለው የአገራችን ጨዋነት ከበር ገብቶ መካከል ላይ ይቀመጣል። ይሉኝታ በጎረቤት መካከል፣ በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር ሰላምን የሚጠብቅ መልካም ነገር ሲሆን፣ በድርሰት ክፍል ግን ጸጥ ያለ ጠላት ነው። አንባቢው ሲጨርስ «በጣም ደስ ይላል፤ በርታ» የሚል ድምፅ ከየማዕዘኑ ይነሣል፤ ሁሉም ደግ ተናግሮ እፎይ ይላል፤ ጸሐፊው ግን ወደ ቤቱ የሚሄደው ባዶ እጁን ነው። ወይም ደግሞ ይሉኝታው አንድ ቀን ይሰበርና በምትኩ ቍጣ ይገባል፤ አንዱ ተነሥቶ «ይህ ድርሰት ሊባል አይችልም» ይላል፤ ይህም እንደ ፊተኛው ምንም የማያስተምር ቃል ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የዕድሜና የማዕርግ ልዩነት ነው። በማታ ክፍል ውስጥ ልጆች ያሳደጉ የመንግሥት ሠራተኛና ገና ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰች ልጅ ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። እርስዋ «ጋሼ» ብላ የምትጠራቸውን ሰው፣ እርሳቸውም «የኔ ልጅ» የሚሏትን፣ «ታሪክዎ መካከሉ ላይ ይደክማል» ማለት እንደምን ይቻላታል? ክብርን አፍርሳ ትናገር የሚል ሰው የአገሩን ጠባይ አያውቅም። መፍትሔው አነጋገርን ከሰውየው አንሥቶ ወደ ወረቀቱ ማዞር ነው። «ጋሼ፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ እናቲቱ ደብዳቤው ደርሷት ሳለ ሳትከፍተው ለምን እንዳደረች አልገባኝም» ስትል፣ አክብሮቷ ሳይጓደል እጅግ የሚጠቅማቸውን ነገር ነግራቸዋለች፤ ቦታውን አሳይታለች፣ የተቸገረችበትን ተናግራለች፣ እንዴት እንደሚታረም ግን ለባለቤቱ ትታለች። ጥሩ አስተያየት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ይህንንም ለመናገር ጽሑፉን አስቀድሞ በቤት ማንበብ፣ አንብቦም በእርሳስ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ሳያነብ መጥቶ ከሌሎች አስተያየት እየለቃቀመ የሚናገር ተማሪ ሁልጊዜ ያስታውቃል።

ጸሐፊውስ ምን ያድርግ? ዝም ይበል። ይህ ደንብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ ታትሞ በአንድ ሩቅ ከተማ ሰው ሲያነበው ደራሲው ከአጠገቡ ተቀምጦ «አይ፣ እኔ ለማለት የፈለግሁት እኮ...» ሊለው አይችልምና፣ ዝምታውን ከወዲሁ ይለማመደው። የተባለውን ሁሉ ግን መቀበል አይገባውም። በቅኔ ጉባኤ ውስጥ ቅኔው ሲያምር «ይበል» የሚሉት ሰሚዎች ቋንቋውንና ምሥጢሩን የተማሩ ናቸው፤ የሚያርመውም መምህሩ ስለሆነ ቃሉ ይጸናል። በድርሰት ክፍል ግን አራሚዎቹ እንደ ጸሐፊው ጀማሪዎች ናቸው፤ የሚያቀርቡትም መድኃኒት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። አንዱ ገጸ ባሕሪይዋ ትሙት ይላል፤ ሌላው ታግባ ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱም በአንድ ቦታ ላይ እንደ ተሰናከሉ ሳያውቅ ከዚያው ቦታ ላይ ስለ ሌላ ነገር ያጕረመርማል። አስተዋዩ ጸሐፊ መድኃኒታቸውን ትቶ ሕመሙን ይመዘግባል፤ በዚያ ገጽ ላይ አንድ የጐደለ ነገር አለና።

ከዚህ ሳልርቅ ስለ ንባብ ጥቂት ልበል። ሳያነቡ መጻፍ እንደማይቻል ሁሉም ስለሚናገረው እኔ አልደግመውም፤ የምጨምረው ግን አነባበቡን ነው። የድርሰት ተማሪ አንድን ታሪክ ሁለት ጊዜ ያንብብ፤ በመጀመሪያው እንደ ማንኛውም ሰው ይደሰት፣ በሁለተኛው ደራሲው ወሬውን የት እንደ ደበቀና የት እንደ ገለጠ ይቍጠር። የወደደውንም አንድ አንቀጽ በእጁ ይገልብጠው፤ እጅ ዐይን የዘለለውን ያያል። ገልብጦ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ ግን ሌብነት ነውና ስለ እርሱ ሐተታ ማብዛት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ እስካሁን ካመሰገንሁት ከቅኔ ቤት ጋር ልለያይ ነው። ቅኔ አጭር ነው፤ በጥቂት ቃል ሰምና ወርቅ አስተባብሮ ሰሚውን የሚያስደንቅ ነው። ልብ ወለድና አጭር ታሪክ ግን ስፋትን፣ ትዕግሥትን፣ ያዩትን ነገር ሳይሰውሩ ማሳየትን ይፈልጋሉ። በኅብረ ቃል የሠለጠነ ወጣት ወደ ዝርው ጽሑፍ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ገበሬውንም ነጋዴውንም ሕፃኑንም እንደ ደብተራ ያናግራቸዋል፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እንቆቅልሽ ይሆናል፤ አንባቢውም በሁለተኛው ገጽ ይደክመዋል። ልብ ወለድ በቋንቋችን ዕድሜው አጭር መሆኑን አንርሳ፤ የመጀመሪያው የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ታሪክ በሮም የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የቅኔን ያህል የጠነከረ የማስተማሪያ ሥርዓት ገና አላበጀንለትም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሕዝቡ የወደደው በሰዎቹ ነው እንጂ በምሥጢር ጥልፍልፍ አይደለም፤ ከተማሩት ውስጥ የቃልን ክብደት የመመዘንን ችሎታ ይዘው፣ መሰወሩን ለሌላ ቦታ ትተውታል። ሰው እንዴት እንደሚናገር መማር ለሚፈልግ ደግሞ፣ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ከማንበብ የሚሻል ምክር የለኝም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሊቁ እንደ ተቀመጡ ይተርካሉ፤ ዐረፍተ ነገሩ የሚሰበርበት፣ የሚመለስበት፣ ሳቅ የሚገባበት ቦታ ሁሉ የሕያው ሰው ነው። ለተማሪዎቼ ከምሰጠው ሥራ መካከል አንዱ ከዚሁ የተወሰደ ነው፤ አያታቸውን ወይም አንድ የሰፈር አዛውንት ጠይቀው የሰሙትን፣ ቃሉን ሳያስተካክሉና ሳያሳምሩ ጽፈው እንዲያመጡ አዛለሁ። ሳያሳምሩ ማምጣት እንዴት እንደሚከብዳቸው ብታዩ ትገረማላችሁ።

ዝርው ጽሑፍ ከቅኔ የሚለይበት ሌላው ነገር ተመልሶ መጻፉ ነው። የቅኔው ተማሪ የትናንቱን ትቶ ይሄዳል፤ የታሪክ ጸሐፊ ግን ከዕለታዊ ሥራው ውስጥ የሚሻለውን መርጦ እንደገና ሊገባበት ይገባዋል። እንደገና መጻፍ ሲባል ብዙ ተማሪ ፊደል ማረምና ነጠላ ሰረዝ መጨመር ይመስለዋል። ይህ የመጨረሻው ጥቃቅን ሥራ ነው። በመጀመሪያ ጽሑፉን ጥቂት ቀናት ዘግቶ አስቀምጦ፣ በራሱ ድምፅ ጮኾ ያንብበው፤ ምላሱ የተደናቀፈበት ቦታ አንባቢውም የሚደናቀፍበት ነው። ቀጥሎ የነገሩን ቅደም ተከተል ይመርምር፤ ታሪኩ በእውነት የሚጀምረው የት ነው ብሎ ይጠይቅ። የተማሪዎቻችን ታሪኮች ጀምበር ስትወጣ ይጀምራሉ፤ አንድ ሰው ሲሞት ያልቃሉ፤ በመካከሉም ዝናብ ይዘንባል። የመጀመሪያውን ገጽ አውጥተው ቢጥሉት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጐድልም፤ ጀምበሯም አትቀየምም። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ የሚናገሩትን ስም ሳይጠራ ብቻውን ያንብብና፣ ማን እንደ ተናገረ ከአነጋገሩ ሊለይ ይችል እንደ ሆነ ይፈትን። ቃላትን መምረጥ፣ ዐረፍተ ነገርን ማሳጠር፣ ፊደል ማረም፣ እነዚህ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ወላጆች ከዚህ አዳራሽ ስገባ ስለ ነጥብ ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ፈጠራ በምን ይመዘናል ማለታችሁ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነጥብ መስጠት ግድ እስከ ሆነ ድረስ መምህሩ መስፈሪያውን በመጀመሪያው ቀን ይግለጥ። እኔ የዕለት ማስታወሻውን ደብተር ገጹ መጻፉን እመለከታለሁ እንጂ ውስጡን አላነብም፤ ደብተሩ የሚነበብ ከሆነ ተማሪው ለእኔ ይጽፋልና። ለባልንጀሮቹ የሰጠው አስተያየት በጽሑፍ ይቀርባል፤ ለእርሱም እንደ ድርሰቱ ነጥብ አለው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ተማሪው የአንዱን ታሪክ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጽሑፍ አያይዞ ያስረክባል፤ ከሁለቱም ጋር የትኛው እንደሚሻልና ስለ ምን እንደሚሻል የሚያስረዳ አንድ ገጽ ይጨምራል። አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያው የሚሻል ሆኖ ይገኛል፤ ይህንኑ አውቆ ምክንያቱን አጥርቶ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።